ፊት የተሰበሰበበት ቤት፦ የለንደኑ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ እንዴት ይጎበኛል?

ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ቆሞ "ጋለሪው የቱ ነው?" ብሎ ለጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠቆምለት ባለ ዓምዱ ትልቅ ሕንፃ ነው። እሱ ናሽናል ጋለሪ ነው፤ የዳ ቪንቺና የቫን ጎግ ሥዕሎች ያሉበት። እዚህ የምናብራራው ከጀርባው ተጠግቶ ስላለው፣ በስም በአንዲት ቃል ብቻ ስለሚለየው ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ነው። ጎረቤት ይሁኑ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ልዩነቱን ሳያውቅ የገባ ጎብኚ አንዱን መስፍን ከሌላው፣ አንዷን እመቤት ከሌላዋ መለየት ያቅተውና በሃያ ደቂቃ ሰልችቶት ይወጣል። የሚሰለቸውም ሥዕሎቹን በተሳሳተ ጥያቄ ስለሚያያቸው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖርትሬት ሲባል ምን ማለት ነው?

ፖርትሬት የአንድን የታወቀ፣ ስም ያለው ሰው መልክ ለማስቀረት ታስቦ የተሠራ ምስል ነው። በዘይት ቀለም ሊሳል፣ በእርሳስ ሊነደፍ፣ በነሐስ ሊቀረጽ፣ በካሜራ ሊነሳ ይችላል። ሥዕሉ ውስጥ ሰው ስላለ ብቻ ግን ፖርትሬት አይባልም። ገበያ ላይ ጤፍ የምትሰፍር ሴት ብትሳል የገበያ ሥዕል ነው፤ "ይህቺ እኮ እገሊት ናት" እንድትባል ታስቦ ከተሳለች ያን ጊዜ ፖርትሬት ይሆናል። መልኩ የተሳለለትን ሰው ከዚህ በኋላ "ባለ ምስሉ" እንለዋለን።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው የሚታዩት ሰዎች ሥዕሉን ያሠሩት ናቸው፤ ስማቸውም አጠገባቸው ተጽፏል። ሠዓሊው አፍንጫቸውን ከእውነተኛው አፍንጫ ጋር ለማመሳሰል ብዙ አልደከመም፤ ማን እንዳሠራው ግን ተመልካቹ እንዲያውቅ አድርጓል። ለንደንም ገብተው "ይመስላል ወይስ አይመስልም?" ከማለትዎ በፊት ይህንኑ ቢጠይቁ ይበጃል፦ ማን አሠራው? ማን እንዲያይለት?

ከሌላ የሥዕል ሙዚየም በምን ይለያል?

የሥዕል ሙዚየም አንድን ሥዕል የሚሰቅለው ሥዕሉ ድንቅ ስለሆነ ነው። ባለ ምስሉ ማን እንደነበረ ባይታወቅም ግድ የለውም። ፖርትሬት ጋለሪ የሚጀምረው ከሰውየው ነው፤ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው ወይ? ካለው፣ ሥዕሉ ደካማ ቢሆንም ይገባል። ስለዚህ እዚህ ቤት ውስጥ የታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራና የጀማሪ እጅ ጎን ለጎን ተሰቅለው ቢያገኙ አይገረሙ።

የደራሲዋ የጄን ኦስተን ምስል ለዚህ ምስክር ነው። እህቷ ካሳንድራ በ1810 ገደማ በእርሳስና በውሃ ቀለም ያወጣቻት ትንሽ ንድፍ ናት፤ ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ግድም፣ ስፋቷ 8፣ ከመዳፍ የማትበልጥ። ፊቷ ቀለም ቀመስ ሆኗል፤ የተጣጠፉት እጆቿ ግን በእርሳስ መስመር ብቻ ቀርተዋል። እንደ ሥዕል ብትወዳደር የትም የምትደርስ አይደለችም። ነገር ግን ጄን በሕይወት ሳለች የተሠራ፣ ፊቷንም የሚያሳይ ሌላ አስተማማኝ ምስል ስለሌለ እንደ ዓይን ብሌን ትጠበቃለች።

ቤቱ የተመሠረተው በ1856 ነው። ፊሊፕ ሄንሪ ስታንሆፕ የተባለ መኳንንትና የታሪክ ጸሐፊ ከ1846 ጀምሮ ሐሳቡን ለፓርላማ ደጋግሞ አቅርቦ በሦስተኛው ሙከራው ተሳካለት፤ 2,000 ፓውንድም ተፈቀደ። ከእሱ ጋር ስማቸው የሚነሳው የታሪክ ጸሐፊዎቹ ቶማስ ማኮሌና ቶማስ ካርላይል ናቸው። የሦስቱም ከደረት በላይ ሐውልት ዛሬም በድሮው በር አናት ላይ ይታያል። ከመሥራቾቹ መካከል ሠዓሊ እንደሌለ ልብ ይሏል። ጋለሪው በ1859 በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ለሕዝብ ተከፈተ፤ አሁን ወዳለበት ሕንፃ የገባው በ1896 ነው።

እስከ 1969 ድረስ የሠራ አንድ ደንብ ነበር፦ ከነገሡት ንጉሥ ወይም ንግሥትና ከትዳር ጓደኛቸው በቀር በሕይወት ያለ ሰው ምስል አይገባም፤ የሞተም ቢሆን 10 ዓመት ይጠበቃል። የሰው ዝና ረግቦ እስኪታይ ጊዜ መስጠት ነበር ዓላማው። ደንቡ ከተነሳ በኋላ ጋለሪው ራሱ ሠዓሊ እየመረጠ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ማሳል ጀመረ። ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስነው የባለአደራዎች ቦርድ ነው፤ ሰው ሥዕል በነፃ ስለሰጠ ብቻ ተቀባይነት አያገኝም።

ተመሳሳይ ቤቶች በሌሎች አገሮችም አሉ። ኤድንብራ ያለው በ1889፣ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው በ1968 ተከፍቷል። የዋሽንግተኑ በተለይ የፕሬዚዳንቶችን ምስል በሙሉ ይዟል። የአጎበኛኘቱ ብልሃት በሁሉም ዘንድ ያው ነው።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል? መቼስ ይኬዳል?

መግቢያው ነፃ ነው። በየቀኑ በአገሩ ሰዓት ከ10፡30 እስከ 18፡00 ክፍት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4፡30 እስከ ማታ 12፡00 መሆኑ ነው። ዓርብና ቅዳሜ እስከ 21፡00፣ ማለትም እስከ ማታ 3፡00 ይቆያል። የበዓል ቀናት ስለሚለያዩ ከመውጣትዎ በፊት ድረ ገጹን ማየት ነው። ዓርብ ከሥራ በኋላ ጎራ ማለት ለሚችል ሰው ከቅዳሜ ቀትር ይልቅ ዓርብ ማታ ይሻለዋል።

በነፃ የሚታየው ቋሚው ስብስብ ነው። ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቆዩ ልዩ ኤግዚቢሽኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከፈልባቸዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የቲኬት ዋጋ የተጻፈበትን ሰሌዳ አይቶ "ለካ በገንዘብ ነው" ብሎ ይመለሳል። ቋሚውን ስብስብ ለማየት ቲኬት አያስፈልግም፤ ቀጥ ብሎ መግባት ነው።

በምድር ውስጥ ባቡር ከመጡ ቻሪንግ ክሮስ ወይም ሌስተር ስኩዌር ይውረዱ፤ ከሁለቱም በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ቦርሳ ይፈተሻል፤ ሻንጣ እየጎተቱ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መምጣት አይመከርም። ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። በእርሳስ መንደፍም እንደዚሁ፤ የሥዕል ተማሪዎች ወለል ላይ ቁጭ ብለው ሲነድፉ ማየት የተለመደ ነው። ስልክዎ ላይ ብሉምበርግ ኮኔክትስ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ አስቀድመው ካወረዱ የድምፅ ማብራሪያ ያገኛሉ፤ ማዳመጫ ይዘው ይምጡ።

ጋለሪው ከ2020 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ተዘግቶ ታድሶ ሰኔ 2023 ሲከፈት አዲስ መግቢያ ተሠራለት። ሦስቱ ትላልቅ የነሐስ በሮች ላይ ሠዓሊዋ ትሬሲ ኤሚን 45 የሴት ፊቶች ሥላለች። ስም የላቸውም። ስም ያለው ሰው ብቻ በሚገባበት ቤት ደጃፍ ላይ ስም የለሽ ሴቶች መቆማቸው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል፤ ቸኩለው አይለፏቸው።

ከየት ይጀመራል?

ከላይ። ክፍሎቹ በዘመን ቅደም ተከተል የተደረደሩት ከላይኛው ፎቅ ወደ ታች ነው። በሊፍት ወይም በረጅሙ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ይውጡና ከቱዶር ነገሥታት፣ ማለትም ከሄንሪ 8ኛና ከልጁ ከኤልሳቤጥ ዘመን ይጀምሩ። ከምድር ቤት የጀመረ ሰው ዘመናዊ ፊቶችን አይቶ ይደሰትና ወደ ኋላ እየሄደ በወጣ ቁጥር ማን ማንን እንደተካ ይጠፋበታል። ታሪክን ከመጨረሻው ገጽ እንደማንበብ ነው።

ሁሉንም ለማየት አይሞክሩ። በአንድ ጊዜ የሚታዩት ምስሎች ከ1,000 በላይ ናቸው። በአንዱ ፊት 30 ሰኮንድ ብቻ ቢቆሙ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ጉብኝት 10 ወይም 12 ምስል በቂ ነው፤ በአማካይ ለእያንዳንዱ ሰባት ስምንት ደቂቃ መሆኑ ነው። ሰባት ደቂቃ በአንድ ፊት ላይ ማፍጠጥ ብዙ ይመስላል፤ ቀጥሎ ያሉትን ነገሮች የሚያውቅ ሰው ግን ያንሰዋል።

ከሥዕሉ አጠገብ ያለው ጽሑፍ ምን እያለ ነው?

የመግለጫው ሰሌዳ መጀመሪያ የሚጽፈው የባለ ምስሉን ስምና የኖረበትን ዘመን ነው። ሌላ ሙዚየም ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው የሠዓሊው ስም ነበር። እዚህ ሠዓሊው ሁለተኛ ነው። ከዚያ ከምን እንደተሠራና መቼ እንደተሠራ፣ በመጨረሻ የመዝገብ ቁጥሩ ይመጣል። ቁጥሩ ወደ ቤቱ የገባበትን ተራ ስለሚናገር ይጠቅማል፤ "ኤንፒጂ 1" የሚለውን (ኤንፒጂ የጋለሪው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻረ ቃል ነው) የያዘው በ1856 በስጦታ የገባው የሼክስፒር ምስል ነው።

ጉዳዩ ያለው ከሠዓሊው ስም ፊት በምትገባው ትንሽ ቃል ላይ ነው። "ባይ" ካለ ሠዓሊው ታውቋል፤ አከራካሪ አይደለም። "አትሪቢዩትድ ቱ" ካለ ባለሙያዎች የእሱ ነው ብለው ያስባሉ፤ ፊርማ ወይም ሰነድ ግን አልተገኘም። "ስቱዲዮ ኦቭ" ካለ በእሱ ቤት ደቀ መዛሙርቱ የሠሩት ነው። "አፍተር" ካለ ደግሞ ከእሱ ሥራ ሌላ ሰው የገለበጠው ነው፤ ግልባጩ ከመቶ ዓመት በኋላ የተሠራም ሊሆን ይችላል። ከዓመቱ ፊት ብቻዋን የምትቆመው "ሲ" ፊደል "ገደማ" ማለት ናት።

የሼክስፒሩን ሰሌዳ በዚህ ዓይን ቢያነቡት ብዙ ይነግርዎታል። ሠዓሊው ጆን ቴይለር "እንደሆነ ይታሰባል"፤ ዘመኑ ከ1600 እስከ 1610 "ገደማ"። በግራ ጆሮው የወርቅ ሎቲ ያደረገው ይህ ሰው በእርግጥ ሼክስፒር መሆኑም ቢሆን በጣም የሚመስል ነገር እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። ዓለም ሁሉ በልቡ የያዘው የሼክስፒር ፊት እንዲህ በ"ገደማ" እና በ"ይታሰባል" ላይ የቆመ ነው።

ሥዕሉን ራሱን እንዴት ነው የማየው?

ሦስት ቦታ ይቁሙ፦ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጎን። ከሩቅ ሲያዩት ባለ ምስሉ እንዲታይለት የፈለገውን ያገኛሉ። ከቅርብ የሠዓሊውን እጅ ያያሉ። ከጎን ደግሞ በሥዕሉ ላይ የደረሰበትን፣ ማለትም እጥፋቱን፣ ጥገናውን፣ የተደለዘውን ያያሉ። መስታወቱ መብራት እየመለሰ ካስቸገረዎትም መፍትሔው አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ነው። ተጠግተው በጣትዎ መጠቆም ግን አይገባም፤ ጠባቂዎቹ የሚቆጡት በዚህ ነው።

ከሩቅ ለማየት ጥሩው የኤልሳቤጥ 1ኛ "ዲችሊ" የሚባለው ሥዕል ነው። በ1592 ገደማ በማርከስ ጌራርትስ ታናሹ ተሳለ፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ41 ነው። ንግሥቲቱ በእንግሊዝ ካርታ ላይ ቆማለች፤ ከበስተኋላዋ ሰማዩ ጠቁሮ መብረቅ ይወርዳል፣ ከፊቷ ፀሐይ ወጥቷል። አሁን የጫማዋን ጫፍ ይፈልጉ። ኦክስፎርድሺር ላይ ነው ያረፈው፤ ሥዕሉን ያሠራው የሰር ሄንሪ ሊ ቤት፣ ዲችሊ፣ ያለው እዚያ ነው። ሰውየው ከትዳር ውጭ ከአንዲት ሴት ጋር በመኖሩ ንግሥቲቱን አስቀይሞ ነበር፤ ቤቱ ድረስ መጥታ መጎብኘቷ የይቅርታ ምልክት ሆነለት። እንግዲህ ማዕበሉ ቁጣዋ፣ ፀሐዩ ምሕረቷ ነው። በቀኝ በኩል የተጻፈውን ግጥም ቀረብ ብለው ሲያዩት የየስንኙ መጨረሻ ጎድሏል፤ ሸራው አንድ ጊዜ ከዳር ተቆርጧልና።

ከቅርብ ለማየት የሃንስ ሆልባይንን ሄንሪ 8ኛ ይምረጡ። ሰሌዳው ላይ "ካርቱን" የሚል ቃል አለ፤ ከቀልድ ሥዕል ጋር አይገናኝም። ካርቱን ማለት ለግድግዳ ሥዕል በሙሉ መጠን የተዘጋጀ የወረቀት ንድፍ ነው። ጥልፍ ጠላፊ ንድፉን በወረቀት አውጥቶ ወደ ጨርቁ እንደሚያሻግረው ሁሉ ሆልባይንም በ1537 በኋይትሆል ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ለሚሥለው ሥዕል ብዙ ወረቀት አጣብቆ 2 ሜትር ከ58 ቁመት ያለው ንድፍ ሠራ። ጠጋ ሲሉ በሰውነቱ ጠርዝ ዙሪያ በመርፌ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። የከሰል ዱቄት በእነዚያ በኩል ሲራገፍ በግድግዳው ላይ የነጥብ መስመር ይተዋል፤ ሠዓሊው ነጥቡን ተከትሎ ይሥላል። የንጉሡ ፊት ለብቻው በሌላ ወረቀት ተሠርቶ፣ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1698 ተቃጠለ፤ የግድግዳው ሥዕል አብሮ ጠፋ። የቀረው ለመጣል የተሠራው ወረቀት ነው።

ከጎን ለማየት ሁለት አሉ። የመጀመሪያው የሄንሪ ልጅ ኤድዋርድ ነው፤ ዊልያም ስክሮትስ በ1546 የሣለው። ፊት ለፊት ሲቆሙ የልጁ ጭንቅላት እንደ ተሳበ ላስቲክ ወደ ጎን ተለጥጦ ይታያል። ብዙ ሰው ስቆ ያልፈዋል። በቀኝ በኩል ግድግዳውን ተጠግተው፣ በማዕቀፉ ጠርዝ ላይ ከተቆረጠችው ጎድጎድ ያለች ቦታ ሲመለከቱ ፊቱ ይሰበሰብና ትክክለኛ ክብ ምስል ይሆናል። የዘመኑ ሠዓሊዎች ጂኦሜትሪ ማወቃቸውን ያሳዩበት ብልሃት ነው።

ሁለተኛው የብሮንቴ እህትማማቾች ነው። ሦስቱም ደራሲዎች ነበሩ፤ ወንድማቸው ብራንዌል በ1834 ገደማ ሣላቸው። ሥዕሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠፍቶ በ1914 አየርላንድ ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ተጣጥፎ ተገኘ። ጋለሪው በዚያው ዓመት ሲገዛው እጥፋቱን ደብቆ አላስጠገነም፤ ልብስ እንደታጠፈበት መስመሩ ዛሬም በእህትማማቾቹ ላይ ተጋድሞ ይታያል። በመካከላቸው ደብዘዝ ያለ ዓምድ አለ። ዓምዱን አተኩረው ይዩት፤ የሰው ትከሻና ራስ ከውስጡ ይወጣል። ብራንዌል ራሱን ሥሎ ነበር፤ በኋላ በዓምድ ሸፈነው። የዘይት ቀለም ሲያረጅ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥር የተደበቀው ወንድም ቀስ በቀስ ብቅ እያለ ነው።

ሥዕሉ እውነቱን ነው የሚናገረው?

የሚናገረው ያሠራውን ሰው ፍላጎት ነው። ሠርግ ላይ የተነሳ ፎቶ ስለ ትዳሩ የሚነግረን ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኤልሳቤጥ በ1575 ገደማ ለተሣለው "ዳርንሊ" ለሚባለው ሥዕል ከተቀመጠች በኋላ ያ ፊት እንደ ማኅተም ሆነ፤ ሌሎች ሠዓሊዎች እሷ ፊት ሳይቀርቡ ለዓመታት እሱን እየገለበጡ አዳዲስ ልብስ አለበሱት። ይህ ሥዕል ሌላም አሳሳች ነገር አለው። ፊቷ እንደ ኖራ ነጭ ነው፤ ይህን አይቶ "ያን ያህል ትነጣ ነበር" የሚል ብዙ ነው። በምርመራ እንደታወቀው ግን ጉንጯ ላይ የነበረው ቀይ ቀለም በብርሃን ብዛት ከስሟል። ቡናማ የሚመስለው ቀሚሷም በጊዜው ደማቅ ቀይ ነበር።

ባለ ምስሉ ያልወደደው ሥዕልም አለ። በ1954 ዊንስተን ቸርችል 80 ዓመት ሲሞላው ፓርላማው በሠዓሊው በግራሃም ሰዘርላንድ ምስሉን አሥሎ ሰጠው። ቸርችል ጠላው፤ በኋላም በባለቤቱ ፈቃድ ተቃጠለ። ሠዓሊው ለዝግጅት የሠራቸው ንድፎች ግን ጋለሪው ስብስብ ውስጥ ስላሉ ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ማለት ይቻላል።

ከሁሉም የሚከብዱት ባለ ምስሉ ጨርሶ ያላዘዛቸው ናቸው። ሐምሌ 1914 ለሴቶች የመምረጥ መብት የምትታገል አንዲት ሴት ከልብሷ ሥር የሥጋ መክተፊያ አውጥታ የመሥራቹን የካርላይልን ሥዕል ሦስት ቦታ ተለተለችው። በዚያ ሰሞን ፖሊስ የታጋዮቹን ፎቶ ለጋለሪዎች ሁሉ አሰራጭቶ ነበር፤ ጠባቂዎች ፊታቸውን አይተው እንዲለዩ። ከእነሱ አንዷ ኤቭሊን ማኔስታ አልነሳም ብላ ስለታገለች የእስር ቤት ጠባቂ ከኋላ አንገቷን ይዞ ነው ፎቶው የተነሳው። ሲሰራጭ ግን እጁ ጠፍቶ በቦታው ሻርፕ ተተክቷል። እነዚያ የፖሊስ ፎቶዎች ዛሬ የጋለሪው ሀብት ናቸው፤ በጠላትነት የተነሱት ሴቶች የአገሩ ታሪክ ሆነው ተመዝግበዋል።

የምፈልገው ምስል ግድግዳው ላይ ከሌለስ?

ይህ ብዙ ያጋጥማል። ስብስቡ ከ200,000 በላይ ምስል አለው፤ የሚበዛው ፎቶግራፍና የወረቀት ሥራ ነው። ወረቀት ብርሃን አይችልም። ጋዜጣ መስኮት ላይ ሲከርም እንደሚቢጫው ሁሉ ፎቶና የውሃ ቀለምም በብርሃን ይጎዳሉ፤ ጉዳቱም አይመለስም። ለዚህ ነው የወረቀት ክፍሎች የሚጨልሙት፤ የተለመደው መጠን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ግድም ነው፣ ለዘይት ሥዕል ከሚፈቀደው ሩብ ያህል። ለዚህም ነው አንድ ፎቶ ለጥቂት ወራት ታይቶ ወደ ጨለማ መጋዘን የሚመለሰው። የጄን ኦስተንን ንድፍ ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቢያጣራ ይሻላል።

ሌላው ምክንያት ምስሉ ሌላ አገር ሄዶ መሆኑ ነው። ጆሹዋ ሬኖልድስ በ1776 ገደማ የሣለው፣ ማይ የተባለ የፓስፊክ ደሴት ሰው ምስል በ2023 በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ገንዘቡ ስለከበደ ጋለሪው ከሎስ አንጀለሱ ጌቲ ሙዚየም ጋር በጋራ ገዛው፤ በየተራም ያሳዩታል። ስለዚህ ማይ ለንደን ነው ወይስ ካሊፎርኒያ የሚለውን ሳያረጋግጡ አይነሱ። የማጣራቱ መንገድ ቀላል ነው፦ በድረ ገጹ የስብስብ መፈለጊያ ላይ የባለ ምስሉን ስም ይጻፉ፤ ምስሉ አሁን የሚታይ ከሆነ የክፍሉ ቁጥር ጭምር ይወጣል።

የእኛን ሰው ምስል እንዴት ልፈልግ?

ማይ ከፓስፊክ ደሴት መጥቶ ለንደን ውስጥ ነጭ ልብስ ለብሶ ተሣለ። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ ሌላ ልጅ ከመቅደላ መጣ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ሚያዝያ 1868 መቅደላ ስትወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ አረፉ። በሐምሌ ዋይት በተባለችው ደሴት ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ እዚያው ደሴት ትኖር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሳችው። ከአሳዳጊው ከካፒቴን ስፒዲ ጋርም ተነስቷል። ስፒዲ እኛ ዘንድ ባሻ ፈለቀ የተባለው ነው፤ በፎቶው ላይ የሐበሻ ልብስ ለብሷል።

የዚያን ዘመን ፎቶ ሲያዩ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ካሜሮን የምትጠቀመው በኬሚካል የራሰ የመስታወት ሰሌዳ ነበር፤ ብርሃን ቀስ ብሎ ስለሚይዝ ተነሺው ለብዙ ሰኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። ፈገግታ ያን ያህል አይዘልቅም። ስለዚህ የልጁን ፊት አይቶ ሐዘኑን ብቻ ማንበብ አይበቃም፤ ከፊሉ ካሜራው ያስገደደው ጸጥታ ነው። የለበሰውን፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ዕቃ፣ ከጀርባው የተንጠለጠለውን ጨርቅ የመረጠው ሌላ ሰው መሆኑን ግን አይዘንጉ።

ከዚያ ወቅት የቀሩ ህትመቶች በብሪታንያ ሙዚየሞች ስብስብ ውስጥ አሉ፤ ፖርትሬት ጋለሪውም የካሜሮንን ፎቶዎች በብዛት ይዟል። ሲፈልጉ ዛሬ በምንጽፈው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ብቻ አይወሰኑ። በዘመኑ ስሙን "አላማዩ" በሚል ድምፅ ነው የጻፉት፤ "ደጃች" የሚለውን ማዕረግም የመጀመሪያ ስሙ አስመስለው አስገብተውታል። "አቢሲኒያ" በሚለው ቃል፣ በስፒዲ ስምና በፎቶ አንሺዋ ስም ለየብቻ ይሞክሩ። ካገኙ የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። ምስሉ ግድግዳ ላይ ከሌለ መጋዘን ያለውን ለማየት በቅድሚያ ጽፎ ቀጠሮ መጠየቅ ይቻላል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቁት ያን ቁጥር ነው።